መሐንዲስ በእንጨት ሥራ ከየት ይጀምራል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የውይይት ክፍል ከምረቃ በኋላ ሥራን ከየት እንደምንጀምር እያንዳንዳችን እንድንናገር ባዘዘው መሠረት ዛሬ ተራው ለእኔ ደርሷል። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ መንገድ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይልና ስለ ኮምፒዩተር ተናግረዋል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ከእነዚህ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ስለ እንጨት ነውና። ምህንድስና የተማረ ሰው በእንጨት ውጤቶች ሥራ ሊሰማራ ቢያስብ የመጀመሪያው ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አላመጣሁትም። ባደግሁበት በደጎሎ ያየሁትና እዚያው ያጠፋሁት ጥፋት አለበት። ጥፋቴን ስትሰሙ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁ፤ ግን ሒሳቡን አብራችሁ አስቡልኝ።

ደጎሎ በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ተቀምጣለች። መንገዷ በአንድ ወገን በወረኢሉ አድርጎ ወደ ደሴ፣ በሌላው ወገን ቁልቁል ወደ ቆላው ወርዶ በዓለም ከተማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወስዳል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ስንዴ፣ ጤፍና ምስር ይበቅልበታል። የተፈጥሮ ደኑ ግን ከብዙ ዘመን በፊት ተመናምኗል። ደጋው ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር ማየት የሚፈልግ ወደ ምዕራብ ተጉዞ በመካነ ሰላም በኩል ያለውን የደንቆሮን ደን ይመልከት። ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ይጠበቃል፤ ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶውና አስታው እዚያ ተርፏል። ያ ግን ሊጠበቅ እንጂ ሊጋዝ የተገባ አይደለም። በቀረው ደጋ ለቤት፣ ለአጥር፣ ለማገዶና ለገበያ የሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ እንደ ገባ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ በደጋው ሁሉ ተዛምቶ አሁን የጥንት የሀገር ልጅ መስሏል። ነጩ ባሕር ዛፍ የእኛን ብርድ ይወዳል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ውኃ ይጠጣል፣ ለእርሻ ጎረቤት አይሆንም እየተባለ ይወቀሳል፤ ለምንጭ ዳርና ለእርሻ ድንበር ወቀሳው እውነት አለው። ይሁን እንጂ ለደጋው ገበሬ ባንክ ነው። ቡቃያው ሲጠፋ፣ ለቅሶ ሲመጣ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ይቆረጣል። እኔም ሁለተኛ ደረጃ ስማር በከተማ የተከራየሁት ክፍል ዋጋ የተከፈለው ከአባቴ ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ በዚህ ዛፍ ላይ ስናገር ባለ ዕዳ ሆኜ ነው የምናገረው።

አሁን አንድ ነገር እንድታስቡልኝ እለምናችኋለሁ። ነጋዴው ዛፉን በቁሙ ይገዛል፤ አጣናውንና ምሰሶውን ለይቶ በእርጥቡ በጭነት መኪና ጭኖ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አዲስ ከተቆረጠ ባሕር ዛፍ ክብደት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ነው። እንግዲያው ያ መኪና ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ሲያቃስት ከጭነቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው ማለት ነው። ነዳጁ ይቃጠላል፣ ጎማው ያልቃል፣ የሚያጓጉዘው ግን ቢተዉት በነፋስ የሚበንን ነገር ነው። በዚያው መንገድ ደግሞ ከከተማ ወደ ደጎሎ ቺፕውድና ኤም ዲ ኤፍ፣ ከእነርሱም የተሠራ ቁም ሣጥንና ጠረጴዛ ይመጣል። ዛፉን የሸጠው ገበሬ ልጁን ሲድር የሚገዛው ይኸንኑ ነው። ብዙ ጓደኞቼ ይህን የንግድ ጉዳይ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ከሥሩ የምህንድስና ጥያቄ እንዳለበት ያወቅሁት በገዛ ስሕተቴ ነው።

ታሪኩ ይህ ነው። አጎቴ በደጎሎ አናጢ ናቸው። መሮና መላጊያ የያዙት እኔ ሳልወለድ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለዕረፍት ሄጄ አንድ ትልቅ ሥራ ይዘው አገኘኋቸው። በጥር ለሚደረግ ሠርግ ሁለት ቁም ሣጥንና አንድ አልጋ ሊሠሩ ቀብድ ተቀብለዋል። ሃያ አራት የባሕር ዛፍ ጣውላ አሰንጥቀው ከቤታቸው ጓሮ በጥላ ደርድረዋል። ጣውላው ገና እርጥብ ነበርና «ጊዜ አጠረኝ» ብለው ሲጨነቁ ሰማሁ።

እኔም ከቤተ መጻሕፍት ያነበብሁት የእንጨት ማድረቂያ ሠንጠረዥ በአእምሮዬ ትኩስ ነበር። ሙቀት ሲጨምር ድርቀት ይፈጥናል፤ ይህ ግልጽ ነው። «ጋሼ፣ በሳምንት ውስጥ አደርቅልዎታለሁ» አልኋቸው። እሳቸውም «ባሕር ዛፍ ተንኮለኛ ነው» ብለው አመነቱ። ወዲያው ግን የተማርሁ መሆኔን አስበው «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉ። ጣውላውን ከጥላ አውጥቼ ፀሐይ በሚመታው የድንጋይ ካብ ላይ አስደገፍሁት። ማታ ማታም በሥራ ቤቱ ውስጥ እሳት አነደድሁለት።

ሁለት ቀን ደኅና ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ካቡ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ጣውላው ከጫፉ እስከ ክንድ ድረስ ይሰነጠቅ ጀመር። በሳምንቱ መጨረሻ ከሃያ አራቱ ለሥራ የተረፈው ሰባት ነበር። ከሰባቱም ላይ መላጊያ ቢያሳርፉበት ገጹ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ጎድጓዳና ጉብጉብ ሆኖ ተገኘ። አጎቴ ቀብዱን ለመመለስ ጊደራቸውን ሸጡ። ሠርገኞቹም ቁም ሣጥኑን ከከተማ አስመጡ።

አጎቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለን «አንተ ልጅ፣ ያ መጽሐፍህ የተጻፈው በየትኛው እንጨት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ትምህርቴ ተመልሼ መጽሐፉን ባየው ሠንጠረዡ የተዘጋጀው ለአውሮጳ ጥድ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ዛፉ ግን ሌላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን የራሴን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ስለ እንጨትና ስለ ውኃ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ባጭሩ ላስረዳችሁ።

በእንጨት ውስጥ ውኃ በሁለት ቦታ ይገኛል። አንዱ በሕዋሶቹ ክፍት ቦታ እንደ እንስራ የተቀመጠ ነው። ሁለተኛው በሕዋሶቹ ግድግዳ ውስጥ የተዋሐደ ነው። እንጨት ሲደርቅ በመጀመሪያ የሚወጣው የእንስራው ውኃ ነው። ይህ ወጥቶ አልቆ እርጥበቱ ወደ 30 ከመቶ ገደማ ሲደርስ ግድግዳው ራሱ መድረቅ ይጀምራል። እንጨት የሚኮማተረው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ለመረዳት የእኛ ሀገር ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። የዋልካው መሬት ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። እንጨትም እንደ ዋልካው ነው።

ልዩነቱ እንጨት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመኮማተሩ ነው። በቁመቱ የሚኮማተረው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከልቡ ወደ ቅርፊቱ በሚወስደው አቅጣጫ ይኮማተራል፤ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ በዙሪያው ደግሞ የዚያን ሁለት እጥፍ ያህል ይኮማተራል። ጣውላ የሚጣመመው ስለዚህ ነው። ደግሞም ውጪው ቀድሞ ደርቆ ሊጠብብ ሲል ውስጡ ገና እርጥብ ሆኖ ይከለክለዋል፤ በዚህ ጠብ መካከል ስንጥቅ ይወለዳል። ጫፉ ከገጹ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ውኃ ስለሚያስወጣ ስንጥቁ ከጫፍ ይነሣል። የአጎቴ ጣውላ የሠራው ይህንኑ ነው።

በባሕር ዛፍ ላይ ሁለት ተጨማሪ ጠባይ አለ። አንደኛው፣ ዛፉ ቆሞ ሳለ ውጪው ወደ ላይና ወደ ታች የተወጠረ፣ ልቡ ደግሞ የተጨመቀ ነው። መጋዝ ሲገባበት ይህ ውጥረት ይፈታና ጣውላው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ልጅና እንጨት በርጥቡ ይቃናል ይባላል፤ ባሕር ዛፍ ግን በርጥቡ ያቃኑት ሲደርቅ የሚጣመም እንጨት ነው። ሁለተኛው፣ የእንስራው ውኃ በፍጥነትና በሙቀት ሲወጣ ሕዋሶቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ ሕዋሶቹም ይጎደጉዳሉ። በመላጊያው ሥር ያየነው ጉብጉብ ይህ ነበር። አውስትራሊያውያን ለዚህ መድኃኒት አግኝተዋል። ጣውላው በዝግታ ደርቆ ወደ 20 ከመቶ ገደማ ሲቃረብ በታፈነ ክፍል ውስጥ ወደ 100 ዲግሪ በሚጠጋ እንፋሎት ለጥቂት ሰዓት ያጥኑታል፤ የጎደጎደው ሕዋስም አብዛኛው ተመልሶ ይነሣል። ነገር ግን እዚህም ላይ የአጎቴ ጥያቄ ይከተለናል። በደጎሎ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ክዳኑ ግፊት የማይዝ ክፍል ብንሠራ እንፋሎቱ 100 ዲግሪ አይደርስም። ጊዜውን እናስረዝም ወይስ ግፊት የሚችል ጋን እንሥራ? ይህ ከማንም መጽሐፍ የማይገለበጥ፣ እዚያው ተለክቶ የሚመለስ ጥያቄ ነው።

እንጨት ከደረቀም በኋላ ከአየር ጋር መነጋገሩን አይተውም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 40 ከመቶ ገደማ ሲሆን እንጨት ወደ 8 ከመቶ፣ 80 ከመቶ ሲሆን ወደ 16 ከመቶ እርጥበት ይይዛል። በባሕር ዛፍ ጣውላ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጠረጴዛ ገበታ ሠርተን በእያንዳንዱ የእርጥበት አንድ ከመቶ ስፋቱ በ0.3 ከመቶ ይለዋወጣል ብንል፣ ከበጋ እስከ ክረምት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ይህን ገበታ በምስማር ጠርቆ ለያዘ አናጢ ውጤቱ ስንጥቅ ነው። የድሮዎቹ የበር ሠራተኞች ሰሌዳውን በማዕቀፉ ጎድጓዳ ውስጥ ሳያጣብቁ የሚያስገቡት ለእንቅስቃሴው ቦታ ለመተው ነበር። የምህንድስና ትምህርት ሳይማሩ ምህንድስናውን ያውቁ ነበር ማለት ነው። የአጎቴ አባትም ሞፈርና ቀንበር ጠርበው ከምድጃው በላይ ከጭሱ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ይሰቅሉ እንደ ነበር ሰምቻለሁ። ያ በቤታቸው ውስጥ የነበረ የማድረቂያ ክፍል ነው።

ምናልባት «ይህ ሁሉ የመንደር አናጢ ጣጣ ነው፤ ዘመናዊ ፋብሪካ ሌላ ነው» የሚል ይኖራል። እስቲ የፋብሪካዎቹን ሥራ በአጭሩ እንመልከት።

ቺፕውድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጀርመን የፋብሪካ ሥራ ሆኖ የተጀመረ ነው። እንጨቱ ይፈጫል፤ ስብርባሪው ሙጫ ከመቀባቱ በፊት እርጥበቱ ጥቂት ከመቶ እስኪሆን ይደርቃል፤ ከዚያ በጋለ ማተሚያ ይጨመቃል። ስብርባሪው በደንብ ካልደረቀ በማተሚያው ውስጥ የታፈነው እንፋሎት ማተሚያው ሲከፈት ሰሌዳውን ከመካከሉ ያፈነዳዋል። ፕላይውድ፣ አናጢዎቻችን ኮምፔርሳቶ የሚሉት፣ ግንዱ በሙቅ ውኃ ወይም በእንፋሎት ለስልሶ እንደ ወረቀት ጥቅል ይላጣል፤ ልጡም ደርቆ በሙጫ ይደራረባል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ደግሞ ከምስጥና ከብስባሽ የሚጠብቀውን መድኃኒት በግፊት ይጠጣል። ነገር ግን አስቀድሞ ካልደረቀ መድኃኒቱ የሚገባበትን ቦታ ውኃ ይዞበታል። ጣውላማ ነገሩን ሰምታችኋል። እንግዲህ አራቱም ሥራ በአንድ በር ያልፋል፤ በሩም ውኃ ነው። ማድረቅን የማያውቅ መሐንዲስ በአራቱም ደጅ ይቆማል፤ ማድረቅን የሚያውቅ በአራቱም ይገባል። በዚህ ንግግሬ ልል የፈለግሁት ዋና ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛው ነገር የዛፉ ውፍረት ነው። የእኛ ገበሬ ባሕር ዛፉን ገና አጣና ሳለ በጥቂት ዓመት ይቆርጠዋል፤ ገንዘቡን የሚፈልገው ዛሬ ነውና። ለጣውላ ግን ወፍራም ግንድ ያስፈልጋል። ከቀጭን ግንድ የሚወጣ ጣውላ የዚያ ውጥረት ጉዳት ይበረታበታል። ቀጭኑ እንጨት የሚስማማው ለቺፕውድ ነው። ከደሴ በስተሰሜን በማይጨው በ2000ዎቹ ዓ.ም. የቺፕውድ ፋብሪካ ሲቋቋም የታሰበለት ጥሬ ዕቃ ባሕር ዛፍ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፋብሪካ ብዙ ገንዘብ፣ የማይቋረጥ ኃይልና የማይቋረጥ የእንጨት አቅርቦት ይጠይቃል። ለደጎሎ መሰል ከተማ መጀመሪያ የሚቀርበው መለስተኛ የጣውላ መሰንጠቂያ፣ ማድረቂያና የዕቃ መሥሪያ ነው። ለዚህም ከገበሬው ጋር ስምምነት ያሻል። ከአንድ ጉቶ ከሚያቆጠቁጡት ግንዶች ብዙውን ለአጣና ቆርጦ አንዱን ለጣውላ እንዲያቆይ ከተፈለገ የመቆየቱ ዋጋ ሊከፈለው ይገባል። ይህን ሒሳብ የማይሠራ መሐንዲስ ማሽን ተክሎ ግንድ ያጣል።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? የማስበውን በአምስት ነጥብ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ከሚዛን እንጀምር። የእንጨት እርጥበት የሚለካው በቀላሉ ነው። ከጣውላው መካከል ቁራጭ ይወሰዳል፤ ይመዘናል፤ 103 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይደርቃል፤ እንደገና ይመዘናል። የጠፋው ክብደት ለደረቁ ክብደት ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ለምሳሌ 156 ግራም የነበረ ቁራጭ ደርቆ 112 ግራም ቢሆን የጠፋው 44 ነው፤ እርጥበቱም 39 ከመቶ ነበር ማለት ነው። እኔ በጥር ወር ይህን ሚዛን ብይዝ ኖሮ አጎቴ ዛሬ ጊደራቸው ላም ሆና ነበር።

ሁለተኛ፤ ከጥላ እንጀምር። ለመጀመሪያው ማድረቂያ የሚያስፈልገው ጣሪያ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ፣ በጣውላና በጣውላ መካከል የሚገባ እኩል ውፍረት ያለው ቀጭን በትር፣ ጫፍ የሚቀባ ወፍራም ቀለም ወይም ሰም፣ ከላይም የሚጫን ድንጋይ ነው። እርጥበቱ ወደ 30 ከመቶ እስኪወርድ ዝግታ፤ ከዚያ በኋላ ሙቀት። የፀሐይ ሙቀት በመስተዋት ወይም በላስቲክ ሥር የሚያጠራቅም ማድረቂያ ቤትም በእኛ የበጋ ፀሐይ ሊሠራ የሚችል ነው። የመካኒካል ተማሪዎች የሙቀት መተላለፍን ለፈተና ብቻ ከሚያጠኑት እዚያ ላይ ቢሞክሩት ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ከመጋዝ ጥርስ እንጀምር። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ 5 ሚሊ ሜትር በሚበላ ክብ መጋዝ ስናወጣ ከእያንዳንዱ 30 ሚሊ ሜትር 5ቱ ሰጋቱራ ይሆናል፤ ከስድስት አንዱ ማለት ነው። ባሕር ዛፉን ያሳደገው ገበሬ ከስድስት ዓመት የአንዱን ዓመት ድካም መሬት ላይ ጣልንበት ብንል ማጋነን አይሆንም። መጋዝን ማሳልና ማስተካከል እንደ ዝቅተኛ ሥራ መታየቱ ይብቃ።

አራተኛ፤ ከጣት እንጀምር። ክብ መጋዝ ካለ መከለያ የሚሽከረከርባቸውን ቤቶች ሁላችንም አይተናል። ጣታቸው የጎደለ አናጢዎችንም እናውቃለን። የእንጨት ብናኝም ሳንባን ይጎዳል። መሐንዲስ ወደ አንድ የሥራ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሊሠራው የሚገባው ማሽን ምናልባት የመጋዝ መከለያ ነው፤ ርካሽ ነው፣ እዚያው ይሠራል፣ የአናጢውንም እምነት ያስገኛል።

አምስተኛ፤ ያለውን ዕውቀት ከመፈለግ እንጀምር። በወንዶ ገነት ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የደን ትምህርት ይሰጣል። በአዲስ አበባም የእንጨት ምርምር ማዕከል የሀገራችንን ዛፎች ባሕርይ ሲመረምር ኖሯል። እኔ የጥድ ሠንጠረዥ ይዤ ወደ ደጎሎ ስሄድ ስለ ባሕር ዛፍ የተጻፈ በሀገሬ እንዳለ አልጠየቅሁም። ዕውቀቱ ከሀገር አልጠፋም፤ በመንገድ ቀረ እንጂ። ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ መላጊያው ተሸክሞ ማድረስ የእኛ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህን አሳቤን ለቤተሰቤ በነገርሁ ጊዜ እናቴ ዝም አለች፤ አባቴ ግን «ባሕር ዛፉን ሸጬ ያስተማርሁህ ባሕር ዛፍ ልትፈልጥ ነው?» አለኝ። በዚህ ንግግር የምትስቁ አትመስሉኝም፤ ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት ነውና። በሀገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ሲናቅ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ መልኩን ለውጦ በእኛ በተማሪዎቹ ልብ ተቀምጧል። ጠረጴዛ ላይ ለመቀመጥ እንጂ ጠረጴዛ ለመሥራት ተምረናል ብሎ የሚያስብ ከመካከላችን ስንት አለ?

ለአባቴ ያን ዕለት የመለስሁለት መልስ ደካማ ነበር። ዛሬ ብጠየቅ እንዲህ እለዋለሁ፤ አባቴ ሆይ፣ አንተ ዛፉን በእርጥቡ ሸጥኸው፤ ውኃውን ጭኖ የሄደው መኪና ቁም ሣጥን ሆኖ ተመለሰና ብዙ እጥፍ አስከፈለህ። በመካከሉ የጠፋውን ነገር ለማወቅ ነው የላክኸኝ። እሱን አግኝቼ ልምጣ። ይህን ስል የከተማውን ሥራ ንቄ አይደለም። ደመወዝም ያስፈልገኛል፤ ታናናሾቼም ይጠብቁኛል። በመጀመሪያ በአንድ ፋብሪካ ተቀጥሬ ማድረቂያና ማተሚያ እንዴት እንደሚሠራ ብማር ደስ ይለኛል። ነገር ግን ፋብሪካው መማሪያዬ እንዲሆን እንጂ መሸሸጊያዬ እንዲሆን አልፈልግም።

ከመጨረሴ በፊት ለመምህራኖቻችንና ለማኅበራችን አንድ ልመና አለኝ። የአፈር መመርመሪያ ክፍላችን ውስጥ በ105 ዲግሪ የሚያደርቅ ምድጃና ግራም የሚለይ ሚዛን አለ። ክረምት ሲመጣ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ፈቃዳችሁ ቢሆን ከደጎሎ፣ ከወረኢሉና ከመካነ ሰላም የመጣን ተማሪዎች እያንዳንዳችን ከየሰፈራችን የባሕር ዛፍ ቁራጮች በላስቲክ ጠቅልለን እናምጣ። በጥላ የደረቀው፣ በፀሐይ የደረቀው፣ ጫፉ የተቀባውና ያልተቀባው በየሳምንቱ ይመዘን፤ ስንጥቁም ይለካ። በአንድ ዓመት ውስጥ ለደጋችን ባሕር ዛፍ የሚሆን አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይወጣናል። አንድ ገጽ ብቻ ነው የምጠይቀው። በዚህ ጋዜጣችን ላይ ታትሞ በየአናጢው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ከመመረቂያ ጽሑፎቻችን ከብዙዎቹ ይልቅ የሚነበብ ይሆናል።

የመጀመሪያውን ቅጂ ይዤ የምሄድበትን ቤት አውቀዋለሁ። አጎቴ ማንበብ ይችላሉ። «ይህስ የተጻፈው በየትኛው እንጨት ነው?» ብለው እንደሚጠይቁኝም አውቃለሁ። በዚያን ጊዜ መልስ ይኖረኛል። የጊደሯን ዋጋ ግን ከመጀመሪያ ደመወዜ እከፍላለሁ፤ እሱ በሠንጠረዥ የሚመለስ ዕዳ አይደለም።